የአዝራር ቆርቆሮው

ጥቅምት 6

ይድረስ ለረጅሙ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካልወጣሁበት ነገር አይፈልገኝም። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ጎረቤቴ መጥታ እስክታነብልኝ ሁለት ቀን ጠረጴዛው ላይ ሰነበተ። ካነበበችልኝ ወዲህ ግን ምነው እዚያው በተረሳ ኖሮ እያልኩ ነው።

ፊደሌ ስለ ገዘፈ ይቅርታ። በአንድ ገጽ ስድስት መስመር ብቻ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። መነጽር አድርጊ ብለህ ደግሞ እንዳትጀምረኝ። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ ያላደረግሁትን ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አላደርገውም። ይህን ጉዳይ ከአባትህ ጋር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ደክሞን ትተነዋል። ክሩን ጎረቤቴ መርፌ ውስጥ ታስገባልኛለች፣ ሌላውን በእጄ እየዳሰስኩ እጨርሰዋለሁ።

ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። አያትህ ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው፣ ፊደል ለቃሚ ነበር። ከእርሳስ ብረት የተሠሩትን ፊደላት አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ የሚደረድር ማለት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ሞተ። አባትህ ገና ጡት አልጣለም ነበር። እናታችን ሁለታችንን ይዛ ከተማውን ለቀቀች፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ኖራ ሞተች። ይኸው ነው። ከየት ወደቀ፣ እንዴት ወደቀ፣ ማን አየ ብለህ በተራ ለደረደርካቸው ጥያቄዎች መልስ የለኝም።

የአሳንሰር ጥገና ሥራ ስትይዝ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን እንዳኮረፍኩህም ጠይቀሃል። አኮረፍኩ፣ ታረቅን፣ አለቀ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እንዲህ በድንገት ምን አስታወሰህ?

ራት ሳትበላ የምትተኛ ከሆነ የእኔ ዘመድ አይደለህም።

አክስትህ


ጥቅምት 21

ለምወድዎት እትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቁጣዎ በደህና ደርሶኛል። ራትም እየበላሁ ነው፣ አይስጉ።

ምን አስታወሰህ ላሉኝ እነሆ። ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ያለ የዕቃ አሳንሰር እንድፈትሽ ተላኩ። ሕንፃውን ቢሮ ሊያደርጉት ነው። በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ መታወቂያዬን ተቀበሉና ጣታቸውን ሦስተኛው ስም ላይ አድርገው ቀሩ።

“ይሄ የማን ስም ነው?” አሉኝ።

“የአያቴ።”

“ፊደል ለቃሚ ነበሩ እንዴ?”

“ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።”

መታወቂያዬን መለሱልኝና፣ “እንግዲያው ልጄ፣ ልትጠግን የመጣኸው አያትህን የገደለውን አሳንሰር ነው” አሉኝ።

ከእሳቸው በፊት እዚያ በር ላይ ዘበኛ የነበሩት አባታቸው ናቸው። ታሪኩን የሰሙት ከአባታቸው ነው። ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ወጥተው ቦታውን አሳዩኝ። ሲሚንቶው ላይ የቀለም ጥቁረት አሁንም አለ። የማተሚያዎቹ እግር የቆመበት አራት አራት ጉድጓድም ይታያል። በኮሪደሩ ጫፍ የአሳንሰሩ በር አለ። አያቴ ያንን በር ከፍተው ሲገቡ አሳንሰሩ ታች ነበር። ድርጅቱም በማግስቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ አሉ፤ “ሠራተኛው ሳያይ ገባ” የሚል።

እትዬ፣ አስራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ወድቀው ሞቱ ከሚለው በቀር ማንም የነገረኝ አልነበረም። ያ የአንድ ዓመት ኩርፊያ አሁን ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው መዛግብት ቤት ሄድኩ። ምድር ቤት ነው፤ መዝገብ ጠባቂዋ ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የምትሠራው። ስማቸውን ስነግራት አንድ መሳቢያ ከፈተችና ካርድ አወጣች። ያኔ ጉዳዩን የመረመረው የሥራ ተቆጣጣሪ ፋይል አለ፤ አርባ ሦስት ገጽ ነው። ግን የሟች ልጅ ካልፈቀደ አይከፈትም። በሕይወት ያሉት ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅጹን አያይዤዋለሁ፣ የሚፈርሙበት ቦታ ላይ ትልቅ መስቀል አድርጌያለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣ ያው ረጅሙ


ኅዳር 3

አልፈርምም።

መስቀልህን አይቼዋለሁ፣ ያን ያህል አልታወርኩም። አያትህ ስድሳ ሁለት ዓመት ተኝቷል፣ አርፎ ይተኛ። አርባ ሦስት ገጽ ተነብቦ አንድ ሰው አይነሳም። አንተም ሥራ ፈት ከሆንክ ሚስት ፈልግ።

ክፉ ሆኜ አይደለም። የምሠራልህን ሹራብ ጨርሻለሁ፣ እጅጌው አንተን እንዲያክል ብዬ ስንት ጊዜ እንደ ቀጠልኩት አትጠይቀኝ። በሚመጣው ሳምንት ይደርስሃል።

አንዲት ነገር ብቻ። ዘበኛው ያሉት “ሳያይ ገባ” የሚለው ቃል፣ አባታቸው እንዲሁ ያወሩት ነው ወይስ በእርግጥ ተጽፎ ነበር? ብትጽፍልኝ አይከፋኝም።

አክስትህ


ኅዳር 19

ልጄ፣

መልስህን ራሴ አነበብኩት። ጎረቤቴን ጠርቼ ላስነብበው አልደፈርኩም። መስኮቱ ሥር ወንበር ስቤ፣ ወረቀቱን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ። ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ማስታወቂያው ራሱ ሕንፃው መጋዘን ውስጥ ከነሚስማሩ ቀዳዳ ተቀምጧል ማለት ነው። ስላልዋሸኸኝ አመሰግንሃለሁ።

ካልፈለጉ ቅጹን ይቅደዱት፣ ዳግመኛ አላነሳብዎትም ብለሃል። ልቀደው ሁለቴ ያዝኩት። ፈርሜ ልኬልሃለሁ። ግን ፋይሉን ከመክፈትህ በፊት ምን እየፈለግህ እንደሆነ እወቅ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለአባትህም ጭምር።

በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ግጥም ነበረኝ። ወላጆች ተጠርተዋል። አባቴ እመጣለሁ ብሎ ምሎልኛል። በዋዜማው ግን ከማተሚያ ቤት ሰው መጣ፤ አስቸኳይ ሥራ አለ ጠዋት ግባ አሉት። እሺ ሲል ሰማሁት። እኔም አሰብኩ። አባቴ ያለ መነጽር ፊደል ማየት አይችልም፣ ፊደል ካላየ ሥራ አይሄድም፣ ሥራ ካልሄደ ወደ እኔ ይመጣል። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ መነጽሩን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁና እናቴ አዝራር የምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአዝራሮቹ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ሳልሰናበተው ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

መድረክ ላይ ቆሜ ግጥሙን ያነበብኩት በሩን እያየሁ ነው። አልመጣም። ወደ ቤት ስመለስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ተቀመጥኩ። ከበላዬ ሴቶቹ፣ “ኧረ ምን ነክቶት ነው ሳያይ የገባው?” ይባባሉ ነበር። አንዷ ስትተው ሌላዋ ትቀበላታለች። ሳያይ። ሳያይ። እኔ ለምን እንዳላየ አውቅ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሰው ሲወጣ ቆርቆሮውን ከፈትኩት። መነጽሩ የለም። በቦታው አንድ የእርሳስ ፊደል ተቀምጧል፣ የስሜ መጀመሪያ። አባቴ ጠርዛቸው ያለቀ ፊደላት ከሥራ ያመጣልኝ ነበርና አላስገረመኝም። ያስገረመኝ እዚያ መቀመጡ ነው። እናቴ መነጽሩን አግኝታለች፣ እንዳወቀችብኝም እንዳውቅ ይህን አስቀምጣለች አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትጠይቀኝ ጠበቅኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅኋት። ሳትጠይቀኝ ሞተች።

መነጽር ለምን እንደማላደርግ አሁን አወቅህ። የአባቷን ዓይን የሰረቀች ልጅ ለራሷ ዓይን አትገዛም።

እንግዲህ ክፈተው። ያለውን እንዳለ ጻፍልኝ። አሮጊት ናት ብለህ እንዳታለሳልሰው።


ኅዳር 28

እትዬዋ፣

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ልክ የሆነኝን ሹራብዎን ለብሼ፣ አሳንሰር ጣሪያ ላይ ተቀምጬ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ከታች፣ “ምን ሆነሃል፣ ውረድ!” እያለ ሲጮህ እኔ ከመጀመሪያው ደግሜ ማንበብ ጀመርኩ። የስምንት ዓመቷን ልጅ አቅፌ ከጠረጴዛው ሥር ባወጣኋት ብዬ ተመኘሁ።

ፊርማዎን አስረክቤያለሁ። መዝገብ ጠባቂዋ የአሥር ሥራ ቀን ቀጠሮ ሰጠችኝ። ለመንኳት፣ “ስድሳ ሁለት ዓመት የጠበቀ አሥር ቀን አያቅተውም” አለችኝ። እስከዚያ ግን ዝም ብዬ አልቀመጥም። ስለ ሥራዬ የማውቀውን ልንገርዎ።

የአሳንሰር በር መቀርቀሪያ አለው። የአሳንሰሩ ሳጥን እዚያ ፎቅ ላይ ካልቆመ በሩ አይከፈትም፣ መከፈት የለበትም። መቀርቀሪያው የተሠራው ለሚያይ ሰው አይደለም። ለማያይ፣ ለቸኮለ፣ ሐሳብ ለያዘው፣ ሁለት እጁን ዕቃ ለሞላው ነው። ፊደል ለቃሚ ወደ ታች ሲወርድ በእርሳስ ፊደል የተሞላ ገበታ ደረቱ ላይ ታቅፎ ነው፣ መነጽር ያድርግም አያድርግ እግሩ ሥር ያለውን ወለል አያይም። በሩን በትከሻው ይገፋዋል። እንቢ ሊለው ይገባ ነበር። እትዬ፣ ሙሉ በሙሉ ዕውር ቢሆኑ እንኳ ያ በር ሊያድናቸው ይገባ ነበር። ይህን የምለው ሊያጽናናዎት የፈለገ ዘመድ ሆኜ አይደለም። በየቀኑ የምፈርምበት ሥራዬ ነው።

ሌላም አለ። ዘበኛው መጋዘኑን ሲከፍቱልኝ የአራሚውን መዝገብ አገኘሁ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስህተት የሚያርመው ሰው እያንዳንዱን ገጽ፣ ማን እንደ ለቀመው፣ ስንት ስህተት እንደ ተገኘበት በየቀኑ ይጽፍ ነበር። በዚያ ሳምንት አያቴ በየገጹ ሦስት፣ አራት ስህተት አላቸው። በዚያ ቀን ጠዋት ሁለት ገጽ ለቅመዋል። ስህተት፦ የለም። ያለ መነጽር ፊደል የማያይ ሰው እንዴት ብሎ?

ተስፋ ላለመስጠት እየሞከርኩ ነው። አልቻልኩም።


ታኅሣሥ 8

ልጄ፣

ሹራቡ ልክህ ሆነ ስላልክ ደስ ብሎኛል።

የአራሚው መዝገብ አላሳመነኝም። እኔ ሳላይ የአዝራር ቀዳዳ እሠራለሁ፣ ዘንፎ አያውቅም። እጅ የለመደውን ያውቃል። አባቴ ሃያ ዓመት ያንኑ የፊደል ሳጥን ፊት ቆሞ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው። የእያንዳንዱን ፊደል ቦታ በጣቱ ያውቀዋል። ምናልባትም እንዳይሳሳት ፈርቶ ከወትሮው ተጠንቅቆ ይሆናል፣ በእኔ የተነሳ። ይህን ሳስብ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። እንዳታለሳልስልኝ ብዬህ ነበር።

ስለ በሩ የጻፍከውን ግን ሦስቴ አነበብኩት። ለአራተኛ ጊዜ ያንን ገጽ ብቻ ጎረቤቴ እንድታነብልኝ ሰጠኋት። ስለ ማን እንደሆነ ሳልነግራት፣ “እንቢ ሊለው ይገባ ነበር” የሚለው ላይ ስትደርስ፣ “እውነቱን ነው” አለች። ስድሳ ሁለት ዓመት ስለ መነጽሩ ሳስብ ስለ በሩ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። በር መኖሩንም የረሳሁት ይመስለኛል።

ለምን ያህል ጊዜ እንደምጠብቅ ንገረኝ። አሥሩ ቀን መቼ ነው የሚያልቀው? ቅዳሜ ይቆጠራል?


ታኅሣሥ 18

እትዬ፣ መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር።

ወደ ሰላምታ ሳልሄድ ይህን ያስቀደምኩት እስከ ታች ድረስ ትንፋሽዎን ይዘው እንዳያነቡ ነው። ዛሬ ጠዋት ፋይሉ ተከፈተልኝ። ተቆጣጣሪው በእሳቸው ላይ የተገኘውን ዕቃ ዘርዝሯል። አራተኛው መስመር ላይ “መነጽር፣ አንድ፣ ከፊቱ ላይ የተገኘ፣ የቀኙ መስታወት የተሰነጠቀ” ይላል። ከጎኑ የእናትዎ ፊርማ አለ፤ “አብሮት ይቀበር ብላለች” ተብሎ ተጽፏል።

የምርመራው መደምደሚያ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ነው። የሦስተኛው ፎቅ በር መቀርቀሪያ ከተሰበረ አምስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት ጊዜ አመልክተዋል፤ አንደኛውን ማመልከቻ የጻፉት አያቴ ራሳቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሐሰት ነው ይላል ተቆጣጣሪው፣ በዚሁ ቃል። አምስት ሳምንት ተሰብሮ! መቀርቀሪያውን ለመጠገን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ተናድጄ ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ፣ መዝገብ ጠባቂዋ ገላመጠችኝ።

አሁን ዋናው። ተቆጣጣሪው ቤታችሁ መጥቶ የእናትዎን ቃል ተቀብሏል። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ነበር፣ እግዜር ይስጠውና፣ አንድ ቃል አላስቀረም። ማየት ይችል ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው የመለሱትን እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

“ይችል ነበር። ጠዋት መነጽሩን አጥቶ ቤቱን አተራመሰው። እኔ የሸሚዙ አዝራር ተበጥሶ ኖሮ ልተክልለት ቆርቆሮውን ስከፍት ብቅ አለ። ሳቀ። ‘ልጅቷ ናት፣ እንዳልሄድባት ነው’ አለኝ። አደረገው። ከኪሱ አንድ የእርሳስ ፊደል አወጣና በቦታው አስቀመጠ። ‘ስትከፍተው እንዳገኘሁባት ታውቃለች፣ ስመለስ እንታረቃለን’ አለ። እየሳቀ ነው የወጣው። ይህን የነገርኳችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ ነው። ለልጄ ግን ማንም እንዳያነሳባት። እኔም አላነሳባትም። ታፍራለች።”

እትዬ፣ ያ ፊደል የእናትዎ አይደለም። የአባትዎ ነው። ዝምታውም ወቀሳ አልነበረም። እንዳያፍሩ ብለው ነው ዕድሜያቸውን ሁሉ አፋቸውን የዘጉት፣ እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሁሉ እስኪጠይቁዎት ጠበቁ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ነው ያለን።

ይህን ስገለብጥ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ራሴን አዞርኩ። መዝገብ ጠባቂዋ አንዱን ሹራቧን አውልቃ ሰጠችኝ። የበረደኝ መስሏት ነው።

መልስ ለመጻፍ አይቸኩሉ። ሲመችዎ።


ጥር 16

ይድረስ ለረጅሙ፣ ለደጉ የወንድሜ ልጅ፣

ይህ ገጽ ሃያ አራት መስመር ነው። ቁጠረው።

ወር ሙሉ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። መጀመሪያ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ከዚያ እናቴን ተቆጣኋት። “ምነው አንድ ቀን ብትናገሪ!” እያልኩ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ፣ ጎረቤቴ ሌባ ገባ ብላ ከነመጥረጊያዋ መጣች። ከዚያ ቁጣዬ በረደና ሳቅ ያዘኝ። ሁለት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት እየበላን፣ እሷ እንዳላፍር ብላ፣ እኔ እንዳትጠይቀኝ ብዬ፣ ጨው አቀብዪኝ እንባባላለን። አሁን ለጥቂት ቀን ተነስታ ብትመጣልኝ እንዴት አድርጌ ባቀፍኳት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እተኛለሁ። ይህን ብቻ ነው የምነግርህ፣ ሌላው ቃል የለውም። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ተነስቶ ሄደ።

ባለፈው ሰኞ መነጽር ቤት ሄድኩ። ባለሙያው፣ “ከዚህ በፊት አድርገው ያውቃሉ?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። “እንዴት እስከዛሬ?” ቢለኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት። አድርጌው ወጣሁ። ዛፎቹ ቅጠል ቅጠላቸው ለየብቻ ነው ለካ! ጎረቤቴ ደግሞ እንደኔው አርጅታለች፣ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም። ቤቴን ስገባ ወለሉን አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካስ ጠርጌው አላውቅም። ክሩን ራሴ መርፌ ውስጥ አስገባሁ፣ በመጀመሪያው ሙከራ።

በኋላ በላክኸው ደብዳቤ የዕቃ አሳንሰሩን እኔ ልጠግነው ወይስ ሌላ ሰው ይላኩ ብለህ ጠይቀኸኛል። አንተ ጠግነው። ለሌላ እንዳትሰጥብኝ። ስትጨርስ ጥራኝ፣ ጉልበቴን ይዤ እመጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ፣ ሳጥኑ ታች እያለ፣ በሩን በትከሻዬ እገፋዋለሁ። እንቢ ሲለኝ ያኔ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊደሉን ከመሳቢያዬ አወጣሁት። ስድሳ ሁለት ዓመት በጣቴ እንጂ በዓይኔ በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር። አባቴ ሁልጊዜ የሚያመጣልኝ ያለቀውን፣ ጠርዙ የተበላውን ነው። ይህኛው አንድም ቦታ አልተበላም። አዲስ ነው። ከአዲሱ የፊደል ሳጥን ለእኔ ብሎ ይዞት የነበረ ነው፤ በዚያ ቀን፣ ለግጥሙ፣ ሊሰጠኝ ይሆናል።

ትናንት የጎረቤቴን የማኅተም ቀለም ተዋስኩና ፊደሉን ነከርኩት። ከዚህ በታች በፊርማዬ ቦታ ያተምኩት እሱ ነው። ስመለስ እንታረቃለን ብሎ ነበር።

ታረቅን።